ትንሿን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዴት እናስነሳት?

«ሎኮሞቲቯ ጠረጴዛ ላይ ዝግጁ ናት፤ እሳት ለመለኮስ ግን እጄ ፈራ። ከየት ልጀምር?» ይህን ጥያቄ መልኩ እየተቀያየረ ስንት ጊዜ እንደመለስኩ እንጃ። አንዴ በደንብ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ የጠየቀኝን ሁሉ ይህን ላሳየው።

የማወራው በ32 ወይም በ45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ስለምትሄድ፣ በቡቴን ጋዝ ስለምትሠራ ትንሽ ሎኮሞቲቭ ነው። አሻንጉሊት ትመስላለች። ውስጧ ያለው ግን እውነተኛ እሳትና እውነተኛ እንፋሎት ነው። ሰው ተቀምጦባቸው የሚሄዱት ትልልቆቹ ባለ ከሰል ሎኮሞቲቮች ሌላ ትምህርት ስለሚፈልጉ እዚህ አልነካቸውም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ቅደም ተከተሉ ውሃ፣ ዘይት፣ ጋዝ፣ እሳት ነው። እሳት መጨረሻ ይገባል፣ መጀመሪያ ይወጣል። ጋዙ ደግሞ ሁልጊዜ ከውሃው ቀድሞ ማለቅ አለበት። ይህ ከተገለበጠ ባዶ ቦይለር (ውሃው የሚፈላበት ጋን) ላይ እሳት ይነድዳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዲስቲልድ ውሃ፣ 1 ሊትር። ለባትሪ ተብሎ የሚሸጥ ከሆነ አሲድ የሌለበት መሆኑን መለያው ላይ አንብቡ።
- የእንፋሎት ሲሊንደር ዘይት፣ ማለትም እንፋሎቱ ፒስተን ለሚገፋበት ቱቦ የሚሆን። ወፍራምና እንደ ማር የሚጎተት ነው፤ ደረጃው አብዛኛውን ጊዜ አይኤስኦ 460 ነው።
- ለጎማ አክሰሎችና ለዘንጎች ቀጭን የማሽን ዘይት። የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ይበቃል።
- ቡቴን ጋዝ፣ ከሎኮሞቲቯ መሙያ ጋር የሚገጥም አፍ ያለው።
- 50 ወይም 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ፣ ጫፉ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ።
- ረጅም አንገት ያለው ላይተር።
- የቆዳ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ሁለት ሦስት የጥጥ ጨርቅ።
- ልካቸው የሚገጥም ቺያቤና ካቻቢቴ። ፒንሳ አይሆንም፤ የናስ ዳዶ ጠርዝ አንዴ ከተላጠ አለቀለት።
- ውሃ ልክ።
- የእሳት ማጥፊያ፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ።
- ሰዓትና ማስታወሻ ደብተር። አትሳቁ፣ ደብተሩ ከሁሉ በላይ ይጠቅማችኋል።

ከተቻለ ጎማዎቹ ቆመው የሚሽከረከሩበት ባለ ሮለር መቆሚያ ጨምሩ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ሎኮሞቲቯን ከማሳደድ ያድናችኋል።

እሳት ከማየቷ በፊት

1. ቦይለሩን በቀዝቃዛ ውሃ ፈትኑ።

ራሳችሁ የሠራችኋት ወይም ከሌላ ሰው የገዛችኋት ከሆነች ይህን ደረጃ መዝለል የለም። አዲስ ከፋብሪካ የመጣች ከሆነ የፈተና ወረቀቷን ተመልከቱ።

የደህንነት ቫልቩን (ግፊት ሲበዛ ራሱ የሚከፈተውን) እና የግፊት መለኪያ ጌጁን ፍቱና ቀዳዳዎቹን በብሎን ድፈኑ። ጌጁ ካልወጣ በፈተናው ግፊት ይበላሻል። ከዚያ ቦይለሩን አንዲት የአየር አረፋ እስከማትቀር በውሃ ሙሉት። የራሱ ጌጅ ባለው የእጅ ፓምፕ ግፊቱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። የተለመደው ልክ አዲስ ቦይለር ከሆነ የሥራ ግፊቱ እጥፍ፣ አገልግሎት ላይ የቆየ ከሆነ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። 4 ባር ላይ የምትሠራ ከሆነች 8 ባር ወይም 6 ባር ማለት ነው። ክለብ ወይም አገር ያወጣው ደንብ ካለ እሱን ተከተሉ። ግፊቱ ሳይወርድ ከቆየ፣ ላብ ካልወጣውና ቅርጹ ካልተለወጠ ቦይለሩ ደህና ነው።

ለምን በውሃ? ውሃ አይታመቅም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቦይለሩ ቢሰነጠቅ ጠብ ጠብ ይልና ግፊቱ ይወርዳል። የታመቀ አየር ግን እንደ ተጠመጠመ ሞላ ጉልበት ያጠራቅማል፤ ቦይለሩ ከተሰነጠቀ ቁርጥራጩ ይበራል። ቦይለርን በአየር አትፈትኑ።

በዚሁ አጋጣሚ መጋጠሚያዎቹን እዩ። የቦይለር ብየዳ የብር ብየዳ መሆን አለበት። እሱ የሚቀልጠው ከ600 ዲግሪ በላይ ነው። ተራው ስታኞ (የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚበየድበት) ግን 190 ዲግሪ ሳይደርስ ይለሰልሳል። 4 ባር ላይ ያለ ውሃ ብቻውን 152 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ርቀቱን አያችሁት? ውሃው ትንሽ ጎደል ካለ ስታኞው እንዳልነበረ ይሆናል። የቦይለሩ አካልም መዳብ ይሁን። ናስ ውስጥ ያለው ዚንክ በሙቅ ውሃ ቀስ በቀስ ይበላና ብረቱ እንደ ብስኩት ፍርክስክስ ይላል።

ለመጀመሪያ ሥራችሁ ቦይለሩን ራሳችሁ ባትበይዱ እመርጣለሁ። የተፈተነ ቦይለር ግዙና ሌላውን ሁሉ ሥሩ።

2. በታመቀ አየር አሽከርክሯት።

አየሩን ወደ ቦይለሩ ሳይሆን ወደ ሲሊንደር በሚሄደው ቧንቧ ላይ ግጠሙ። ከ1 እስከ 1.5 ባር ይበቃል። ሁሉንም መዞሪያ ዘይት ቀቡና ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ባለ ሁለት ሲሊንደርና ፒስተኖቿ በሁለቱም ወገን የሚገፉ ከሆነ በአንድ የጎማ ዙር አራት እኩል ምት መስማት አለባችሁ። ቸ፣ ቸ፣ ቸ፣ ቸ። አንዱ ምት ከሌሎቹ ከደከመ ወይም ከዘገየ እንፋሎት ወደ ሲሊንደሩ የሚያስገባውና የሚያስወጣው ቫልቭ ሰዓቱ ተዛብቷል ማለት ነው። አሁኑኑ አስተካክሉት። እንፋሎት የቫልቭ ስህተት አያርምም፤ እጅ እያቃጠለ ያባብሰዋል እንጂ።

3. ሐዲዱን አስተካክሉ።

ውሃ ልኩን በየግማሽ ሜትሩ አስቀምጡ። በ1 ሜትር ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ለዓይን ምንም አይደለም። ለትንሽ ሎኮሞቲቭ ግን ሽቅብ ስትወጣ የሚያንገዳግዳት፣ ቁልቁል ስትወርድ የሚያስፈተልካት ዳገት ነው። በጎን ያለው ዝንባሌም ያው ነው፤ ኩርባ ላይ ይገለብጣታል።

4. ቦታ ምረጡ።

ከቤት ውጭ፣ ነፋስ የማይበዛበት፣ ደረቅ ሣር የሌለበት። ቡቴን ከአየር ወደ እጥፍ የሚጠጋ ክብደት አለው። ካፈሰሰ ወደ ላይ አይበንም፤ መሬት ለመሬት እየሄደ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ለዚህ ነው ምድር ቤትና ዝግ ጋራዥ የማይሆነው።

አሁን ወደ ሥራው

5. ውሃ ሙሉ።

የቧንቧ ውሃ ኖራ አለው። ውሃው ሲተን ኖራው ቦይለሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ። ሙቀት እንዳያስተላልፍ ያግዳል፣ ቀጫጭን ቧንቧዎችንም ይደፍናል። ለዚህ ነው ዲስቲልድ ያልኩት።

ቦይለሩን መጀመሪያ ጢም አድርጋችሁ ሙሉት። ስንት ሚሊ ሊትር እንደገባ ጻፉ። ከዚያ አንድ አምስተኛውን በሲሪንጅ መልሳችሁ ሳቡ። 200 ሚሊ ሊትር ከገባ 40 ታወጣላችሁ ማለት ነው። የሎኮሞቲቯ መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ መመሪያው ይበልጣል።

ለምን ታወጣላችሁ? እንፋሎት ከውሃው በላይ የሚሰበሰብበት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ጢም ካለ ግን የሚፈላው ውሃ ራሱ ወደ ሲሊንደር ይሄዳል። ፒስተን ውሃን ማመቅ አይችልም። ወይ ይቆማል፣ ወይ የሆነ ነገር ይሰበራል።

የውሃ መስታወት ካላት በጥርጣሬ እዩት። ቀጭን ቱቦ ውስጥ አረፋ ይጣበቅና ሙሉ ያስመስለዋል። ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጉ። ማራገፊያ ቫልቭ ካለው በመንዳት መሃል ለአፍታ ከፍታችሁ ዝጉ። ውሃው ወርዶ ቶሎ ከተመለሰ መስታወቱ እውነቱን እየነገራችሁ ነው።

6. ዘይት ስጧት።

ቀጭኑን ዘይት በየመዞሪያው አንድ አንድ ጠብታ። በዛ ካለ ወደ ጎማ ወርዶ ሎኮሞቲቯን ያንሸራትታታል።

ሉብሪኬተሩ፣ ማለትም ለሲሊንደሮቹ ዘይት የሚያቀብለው ትንሽ ዕቃ፣ ግን ለብቻው ትኩረት ይፈልጋል። ባለፈው ጊዜ የቀረውን ውሃ ከሥር ክፈቱና አስወጡ፣ ከዚያ በወፍራሙ የእንፋሎት ዘይት ሙሉት። አሠራሩ ቀላልና ብልህ ነው። ትንሽ እንፋሎት ወደ ሉብሪኬተሩ ይገባል፣ ይቀዘቅዛል፣ ውሃ ይሆናል። ውሃ ከዘይት ይከብዳልና ወደ ታች ይሰምጣል፣ ዘይቱንም ወደ ላይ ይገፋዋል። ዘይቱ በትንሿ ቀዳዳ ወጥቶ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሲሊንደር ይጓዛል። ስለዚህ የቀደመውን ውሃ ካላስወጣችሁ ለዘይት ቦታ የለም። ሞልቻለሁ ትላላችሁ፤ የሞላችሁት ግን ከላይ አንድ ጣት ብቻ ነው።

የመኪና ሞተር ዘይት አትጠቀሙ። በሙቅ እንፋሎት ውስጥ ታጥቦ ይሄዳል፣ የተረፈውም ይቃጠልና ጥላሸት ይሆናል።

7. ጋዝ ሙሉ።

በአቅራቢያው ምንም እሳት አይኑር። ሲጋራም፣ የሌላ ሰው ሎኮሞቲቭም ጭምር። የጋዝ ቫልቩ መዘጋቱን አረጋግጡ። ቆርቆሮውን ገልብጣችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ጫኑት። ጋዙ ፈሳሽ ሆኖ ሲገባ ይሰማል። ከመሙያው ዙሪያ ነጭ ፈሳሽ መትፋት ሲጀምር ሞልቷል፣ አቁሙ። ከዚያ ቆርቆሮውን ራቅ አድርጉና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። የፈሰሰው ጋዝ ተበትኖ እንዲሄድ ነው።

ለመጀመሪያው ቀን ግን ሙሉ አትሙሉ። ግማሹ ይበቃል። ምክንያቱን ደረጃ 12 ላይ ታገኙታላችሁ።

ቀዝቃዛ ቀን ከሆነ ቡቴን ይለግማል። ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ለመትነን አቅም ያጣል። የጋዝ ታንኩን ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ማሞቅ ይቻላል። እጃችሁ የማይችለውን ሙቀት ግን ታንኩም አይችለውም። በእሳት ማሞቅ የሚባል ነገር የለም።

8. እሳት ለኩሱ።

የእንፋሎት መክፈቻው ዝግ፣ የአቅጣጫ ማንሻው መሃል ላይ ይሁን። ላይተሩን መጀመሪያ አብሩና ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ያዙ። ቀጥሎ የጋዝ ቫልቩን በጥቂቱ ክፈቱ፣ ለስለስ ያለ «ስስስ» እስኪሰማ ድረስ። እሳቱ «ፑፍ» ብሎ ወደ ውስጥ ይዘላል፣ ቦይለሩ ውስጥ ባለው በርነር ላይ ይቀመጣል።

ፊታችሁን ጭስ ማውጫው ላይ አትድፉ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ጋዙን ከፍቼ፣ አልነሳ ያለ ላይተር እየጫርኩ፣ ጎንበስ ብዬ ሳይ ነበር። ቅንድቤ እስኪበቅል ቤተሰቡ ሁሉ ሲስቅብኝ ከረመ። በአምስት ሰከንድ ውስጥ ካልተያያዘ ዝጉ፣ አየር እስኪያገኝ ጠብቁ፣ እንደገና ሞክሩ።

አሁን ጆሯችሁን ስጡ። ትክክለኛ እሳት ዝቅ ያለና እኩል የሆነ ጉምጉምታ አለው። የሚያፏጭ ወይም የሚጮኽ ከሆነ ጋዙን ትንሽ ቀንሱ። ጭስ ማውጫው ውስጥ ሰማያዊ ነበልባል ከታየ እሳቱ በርነሩ ላይ ሳይሆን ፊት ለፊት ጭስ ሳጥኑ ውስጥ ነው የሚነደው። ዝጉና እንደገና ለኩሱ። በዚያ ሁኔታ ከተተወ ቀለሙን ይጠብሰዋል፣ ውሃውም አይሞቅም።

9. ግፊቱ ሲነሳ አጠገቧ ቁሙ።

ብዙዎቹ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። 1 ባር ላይ ስትደርስ ዙሪያዋን እዩ። አንድ ቦታ የሚያፈስ ከሆነ እሳቱን አጥፉ፣ ግፊቱ ዜሮ ይሁን፣ ከዚያ አጥብቁ። ግፊት ያለበትን ዳዶ በቺያቤ መንካት ክልክል ነው። ሊበጠስ ይችላል፤ ሲበጠስ ደግሞ የሚወጣው እንፋሎት ብቻ አይደለም። ግፊቱ በድንገት ሲወርድ ውስጥ ያለው የጋለ ውሃም ባንዴ ይፈላል። 1 ሊትር ውሃ በተራ የአየር ግፊት 1,700 ሊትር ገደማ እንፋሎት ይሆናል።

የደህንነት ቫልቩ እስኪከፈት ጠብቁ። ይህን በየቀኑ፣ ከመንዳት በፊት አድርጉ። በተወሰነለት ግፊት ላይ «ፍሽሽ» ብሎ መክፈት አለበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ጌጁ ከልኩ አልፎ ቫልቩ ካልተከፈተ ወዲያው ጋዙን ዝጉና ራቁ። ቫልቩን አትነካኩ፣ በመዶሻ መታ መታ አታድርጉ። ትቀዝቅዝ፤ ከዚያ ቫልቩን ፈታችሁ አጽዱ ወይም ቀይሩ። ቫልቩ ያለጊዜው እየተከፈተ አስቸገረ ብሎ ስፕሪንጉን ማጥበቅም ራስን ማታለል ነው።

10. አስነሷት።

ሲሊንደሮቹ ገና ቀዝቃዛ ናቸው። የመጀመሪያው እንፋሎት እዚያ ሲገባ ውሃ ይሆናል። ጓንት አድርጉ። ማንሻውን ወደ ፊት፣ መክፈቻውን በጣም ትንሽ፤ ከዚያ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አንድ ጎማ ዙር ያህል ግፏት። ማንሻውን ወደ ኋላ፣ እንደገና ግፉ። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙ። ጭስ ማውጫዋ ዘይት የተቀላቀለበት ሙቅ ውሃ ይተፋል። ወደ ልብስም ወደ ዓይንም ይረጫልና በጎን ቁሙ።

ጎማው አልዞርም ካለ አታስገድዱ። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ተቆልፏል። ወደ ተቃራኒው ግፉና መውጫ ስጡት። ጥቂት ቆይቶ መትፋቱ ወደ ደረቅ ምት ይለወጣል። ያኔ ልቀቋት፣ ራሷ ትሄዳለች።

11. ንዱ።

ባዶዋን አትልቀቋት። ሁለት ሦስት ፉርጎ አስከትሉ። ጭነት የሌላት ሎኮሞቲቭ ትበርራለች፣ ኩርባ ላይም ትወድቃለች። ጭነት ሲኖር እንፋሎቱን በትንሹ ከፍታችሁ እርጋታ ታገኛላችሁ። ግፊቱ ከተረጋጋ ጋዙን ቀንሱ። የደህንነት ቫልቩ ሳያቋርጥ የሚያፏጭ ከሆነ ጋዝ በከንቱ እያቃጠላችሁ ነው፤ ውሃውም እያለቀ ነው።

ከሐዲድ ከወጣች መጀመሪያ ጋዙ፣ ከዚያ እንፋሎቱ፣ ከዚያ በጓንት ማንሳት።

12. አጥፉና ለኩ።

ለመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ጋዙን ዝጉ። የቀረውን እንፋሎት በመንዳት ጨርሱት። ጌጁ ዜሮ ካለ በኋላ ገና ለብ እያለች የውሃ መሙያውን በጨርቅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ፍቱ። ዝግ ሆና ከቀዘቀዘች ውስጧ ያለው እንፋሎት ውሃ ሆኖ ይጠበባል፣ ክፍተቱም የሉብሪኬተሩን ዘይትና ቆሻሻ ወደ ቦይለሩ ሊስብ ይችላል። ዘይት የገባበት ቦይለር አረፋ ያወጣል፣ ውሃውም ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል።

አሁን ደብተሩ። በሲሪንጅ የቀረውን ውሃ ሳቡና ለኩ። 160 ሚሊ ሊትር ይዛ ተነስታ በአሥር ደቂቃ 90 ከቀረ በደቂቃ 7 ትጠጣለች ማለት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ጋዙን ሙሉ ሞልታችሁ ስንት ደቂቃ እንደሚነድ በሰዓት ያዙ፤ ውሃው ከመጉደሉ በፊት ግን እሳቱን አጥፉና ውሃውን ለኩ። ጋዙ 25 ደቂቃ የሚነድ ሆኖ ውሃው በ22 የሚያልቅ ከሆነ ጋዝ አትሙሉ፣ ቀንሱ። ይህን ቁጥር የምታውቁ ቀን ፍርሃቱ በግማሽ ይቀላል።

ድጋሚ ለመንዳት ከፈለጋችሁ ሦስቱንም አብራችሁ ሙሉ፦ ውሃ፣ ዘይት፣ ጋዝ። ጋዝ ብቻ መሙላት ቦይለር የሚያቃጥል ስህተት ነው። ውሃው ሳያልቅ አይቀርም ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ በጋለው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሩ። እጅ እስኪያስነካ ትቀዝቅዝ።

በብዛት የሚያጋጥሙ ችግሮች

እሳቱ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ታንኩ ቀዝቅዟል፣ ወይም የበርነሩ አፍንጫ ተደፍኗል። አፍንጫው የፀጉር ያህል ቀዳዳ ነው። በመርፌ አትውጉት፤ ቀዳዳው ይሰፋና እሳቱ ዳግም አይስተካከልም። ፈታችሁ በተቃራኒው አቅጣጫ አየር ንፉበት።

ከጭስ ማውጫው ቢጫ ነበልባል ይወጣል። ታንኩ ከልክ በላይ ተሞልቶ ፈሳሽ ጋዝ ወደ በርነሩ ሄዷል። ዝጉ፣ ጠብቁ፣ ሎኮሞቲቯን አታዘንብሉ።

ግፊት አለ፣ ግን አትሄድም። መጀመሪያ የአቅጣጫ ማንሻውን እዩ። መሃል ላይ ረስታችሁታል። ይህ በእኔም ደርሷል፣ ቫልቩን ሁሉ ከፈታታሁ በኋላ።

ትሄዳለች፣ ግን ትጮኻለች። ሲሊንደሩ ዘይት አላገኘም። ወዲያው አቁሙና ሉብሪኬተሩን እዩ። ስትጨርሱ ውስጡ ውሃ ካልተገኘ እንፋሎት አልገባም፤ ዘይትም አልወጣም ማለት ነው። ትንሿ ቀዳዳ ተደፍናለችና አጽዷት።

በስፒሪቶ የምትሠራ ከሆነች ሌላ ጥንቃቄ አለ። የአልኮል ነበልባል በፀሐይ ብርሃን አይታይም። ጠፍቷል ብላችሁ ስፒሪቶ ከመጨመራችሁ በፊት እጃችሁን ሳይሆን ደረቅ ስንጥር አስጠጉና አረጋግጡ።